እርድ በስሙ ይሸጥ

በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ፣ እስከ ፃግብጂ ወረዳ ድረስ፣ ቅመም የሚነግድ ሰው ሁሉ እርድን የሚያውቀው የአልጫ ማጣፈጫና ማቅለሚያ መሆኑን ነው። የክኩ ወጥ፣ ድንቹና ጎመኑ፣ እንዲሁም ያለ በርበሬ የሚሠራው የፍየል ሥጋ ቢጫ መልኩን የሚያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ይኸው ሥር በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች የመድኃኒት ያኽል ክብር አግኝቶ፣ በእንክብል ተሞልቶ፣ ለአለርጂና ሂስታሚን ለተባለው ነገር ሁነኛ መፍትሔ ነው እየተባለ በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲሸጥ ይታያል። ወሬም እንደ ሸቀጥ ቀረጥ አይጠየቅምና፣ በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች በስልክም በሻንጣም ወደ አገር ቤት ይደርሳል። እንግዲህ ሐኪም «ሂስታሚን ያለበትን ምግብ ቀንስ» ያለው ሰው ወደ ቅመም ቤት ቀርቦ «እርድ ይስማማኛልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ነጋዴው ምን ሊመልስለት ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ የሚገባው መልስ አጭር ነው። እርድ በወጥ ልክ ሲጨመር እንዲህ ላለው ሕመምተኛ በአብዛኛው የሚፈቀድ ቅመም ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም፤ በወጥ ልክ እስከ ሆነ ድረስ የሚያሠጋውም ሥሩ ሳይሆን ከሥሩ ጋር የሚደባለቀው ባዕድ ነገር ነው። ስለዚህ ነጋዴው ለገዢው ሊውልለት የሚችለው ታላቅ ውለታ እርድን በእርድነቱ መሸጥ ነው። መልሱ አጭር ይሁን እንጂ ምክንያቱ ማብራሪያ ይሻል።

ሂስታሚን በሰው አካል ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሄንሪ ዴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1910 ሥራውን መርምረው ጽፈዋል፤ ዳንኤል ቦቬ የተባለው ሊቅ ደግሞ ይህንኑ ነገር የሚገቱ መድኃኒቶችን በማግኘቱና በሌሎችም ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1957 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ቆዳ ሲያሳክክ፣ አፍንጫ ሲፈስ፣ ፊት ሲቀላ፣ ብዙ ጊዜ በመካከል ያለው እርሱ ነው። ሂስታሚን ከውጭም በምግብ ይገባል፤ ይኸውም ሥጋና ዓሣ ሲቆዩ፣ መጠጥና ሊጥ ሲብላሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስለሚሠሩት ነው። የጤነኛ ሰው አንጀት ዲያሚን ኦክሲዴዝ በተባለ ኤንዛይም ይህን ሰባብሮ ያሳልፈዋል። ኤንዛይሙ ያነሰው ሰው ግን ሌላው ያለ ችግር በሚበላው ምግብ ራሱን ያመዋል፣ ቆዳው ያብጣል፣ ሆዱ ይታወካል ተብሎ ይታሰባል። «ይታሰባል» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመን የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ ይህን ሕመም ለይቶ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ የላቦራቶሪ ምርመራ እንደሌለ ገልጸው፣ የተሻለው መንገድ የሚጠረጠሩትን ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት ትቶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ማየት መሆኑን መክረዋል።

የሚጠረጠሩት ምግቦች ዝርዝር የተጻፈው ግን በአውሮፓ ማዕድ ልክ ነው። የቆየ አይብ፣ ቀይ ወይን ጠጅ፣ በጨው የኮመጠጠ ጎመን፣ በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይላል። ይህን ዝርዝር ተቀብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ የዋግ ሰው፣ ከተጻፈው ውስጥ በቤቱ የሚገኝ አንድም ነገር ስለማያይ፣ ጠላውን እየጠጣና ቋንጣውን እየበላ «አመጋገቤን ጠብቄአለሁ» ሊል ይችላል። ዝርዝሩ በእውነት የሚቆጥረው የምግቡን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም መሆኑን የሚነግረው ያስፈልጋል። ዛሬ የታረደ የፍየል ሥጋ ዛሬውኑ ከበሰለ አንድ ነገር ነው፤ ያው ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ወር ሲሰነብት ሌላ ነው። ማር እንደ ማር ሳለ ብዙ አይወቀስም፤ ጠጅ ሲሆን ግን ከወይኑ ጋር አብሮ ይከሰሳል። አዋዜም ከዚሁ ወገን ነው። ቂጣና ገንፎ ሳይብላሉ የሚበሉ ስለ ሆኑ እንዲህ ላለው ሰው የሚቀልሉ ናቸው።

በዓለም ንግድ ውስጥ ሂስታሚን በቁጥር የተወሰነበት ዋናው ሸቀጥ ዓሣ ነው። የኮዴክስ የምግብ ደንብ ቱናን በመሰሉ የባሕር ዓሦች ላይ በአንድ ኪሎ ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይገኝ ያዛል። ከተከዜ ግድብ ሐይቅ ወጥቶ በዋግ የሚሸጠው ቆሮሶና አምባዛ ከእነዚያ ዓሦች ወገን አይደለም፤ ቢሆንም በቆላው ፀሐይ ያለ በረዶ የዋለ ዓሣ በየትኛውም ስም ቢጠራ ለሕመምተኛ የሚቀርብ አይደለም። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ይብቃና ወደ እርዱ እንመለስ።

በእነዚሁ ዝርዝሮች ውስጥ በርበሬ ብዙ ጊዜ ከሚከለከሉት ወይም ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መካከል ይገኛል። ዝርዝሮቹ እርስ በርሳቸው ባይስማሙም፣ እርድን ግን አብዛኞቹ ከተፈቀዱት ጋር ያስቀምጡታል። ይህ ለአውሮፓዊው ትንሽ ነገር ነው፤ እርድ ቢቀርበት ሾርባው አይጎድልበትም። ለኢትዮጵያዊው ግን የዕለት እንጀራው ነገር ነው። ከቀይ ወጥ የተከለከለ ሰው፣ በተለይም በጾም ወራት፣ የሚጠጋው ወደ አልጫ ነው፤ አልጫም ያለ እርድ መልክ የለውም። የክክ አልጫ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ዝንጅብል ተሠርቶ በዕለቱ ሲበላ፣ ሕመምተኛው ከቤተ ሰቡ ማዕድ ሳይለይ አብሮ ይቆርሳል። ከማዕድ አለመለየት ምን ያኽል ነገር እንደ ሆነ በዋግ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እርድ ሂስታሚንን ይገታል የሚለው ወሬ ከምን ተነሣ ቢባል፣ ከፊል እውነት አለው። ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ውስጥ ሂስታሚን የሚረጩትን ሕዋሳት ሲያበርድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ ጥናትም የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው 241 ሰዎች ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ለሁለት ወር ኩርኩሚን ሲወስዱ፣ ማስነጠሳቸውና የአፍንጫቸው መታፈን ቀንሶ ተገኝቷል። ነገር ግን የወሰዱት ኩርኩሚን እንጂ ወጥ አልነበረም፤ ሕመማቸውም የምግብ ሂስታሚን አልነበረም። ነጋዴ ሒሳብ ያውቃልና ይህን በሒሳብ ማየት ይበጃል። በደረቅ እርድ ውስጥ ኩርኩሚን ከመቶ ሦስት ያኽል ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ እርድ ሦስት ግራም ብትመዝን፣ በውስጧ የሚገኘው 90 ሚሊ ግራም ነው፤ ድስቱ ለስድስት ሰው ቢቀርብ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 15 ሚሊ ግራም ይሆናል። በእሽግ የሚሸጠው አንድ እንክብል ብዙ ጊዜ 500 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ይህም ከሠላሳ ሦስት ሰው ድርሻ ጋር ይተካከላል። እንግዲህ የእንክብሉን ምስክርነት ይዞ ወጡን ማስታወቅ፣ ወይም የወጡን የዘመናት ሰላማዊነት ይዞ እንክብሉን መሸጥ፣ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ደረሰኝ እንደ መሸጥ ነው።

እንክብሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኩርኩሚን ብቻውን ከአንጀት ወደ ደም በቀላሉ ስለማይገባ፣ ሠሪዎቹ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣውን ፒፐሪን ይጨምሩበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ይህ ጭማሪ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ሃያ እጥፍ ያኽል እንዳሳደገው ተገልጿል። ሆኖም ቁንዶ በርበሬ ራሱ በብዙዎቹ ዝርዝሮች ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ተብሎ የተጻፈ ነው! ከቅመም የሸሸው ሕመምተኛ በእንክብል ተሸፍኖ የመጣለትን ቅመም ይውጣል ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ። በኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ2019 የእርድ እንክብል የወሰዱ በርካታ ሰዎች ጉበታቸው ተቆጥቶ ሆስፒታል ስለ ገቡ፣ የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በጉዳዩ ገብቶ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም እንክብሉ አይመከርም። በወጥ ልክ በሚጨመር እርድ ግን እንዲህ ያለ ወቀሳ አልተነሣም። ከፃግብጂ ለሕክምና ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚመጣ ሕመምተኛ ምን እንደሚውጥ ለሐኪሙ የመናገር ግዴታ ይኖርበታል፤ ባለ ሱቁ ግን የሐኪሙን ወንበር ሊቀመጥበት አይገባም።

እስከዚህ ድረስ ስለ ገዢው ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ከሻጩ በኩል ነው።

እርድ በዋግ አይበቅልም። ሙቀትና ብዙ ዝናብ የሚወድ ሥር ስለ ሆነ ቤቱ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በቴፒ ዙሪያ፣ እንዲሁም በአጎራባቾቹ አካባቢዎች በሰፊው ይመረታል፤ በቴፒ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልም የቅመም ዝርያዎችን ሲያሻሽል የኖረ ነው። ሥሩ ተነቅሎ ይታጠባል፤ ይቀቀላል፤ ከዚያም እርጥበቱ ከመቶ አሥር አካባቢ እስኪወርድ ድረስ በፀሐይ ይሰጣል። ከአምስት ኪሎ እርጥብ ሥር የሚገኘው ደረቁ አንድ ኪሎ ያኽል ብቻ መሆኑን ያየ ሰው፣ አምራቹ ቶሎ ለመሸጥ የሚቸኩልበትን ምክንያት ይረዳዋል። በደንብ ያልተቀቀለና በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ እርድ ይደበዝዛል፣ አፈር ይይዛል፣ ይሻግታል። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከቴፒ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በወሎ መንገድ ሰቆጣ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በመንገዱም ብዙ እጅ ይቀበለዋል። ፃግብጂ ላይ በኩባያ ተሰፍሮ ሲሸጥ፣ ከየት እንደ ተነሣና በማን እጅ እንዳለፈ የሚያውቅ ሰው የለም።

በመንገዱ መካከል ከሚደርሱበት ነገሮች ሁሉ ለሂስታሚን ሕመምተኛ ዋነኛው ወፍጮ ነው። በርበሬ የፈጨ ወፍጮ ሳይጠረግ እርድ ከገባበት፣ የሚወጣው ዱቄት ቢጫ ቢመስልም በርበሬ ያለበት ነው። ለሌላው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ወጡን ቢያሞቀው ይወደው ይሆናል። ምግቡን አንድ በአንድ እየመለሰ ለሚፈትን ሕመምተኛ ግን ነገሩ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ አንድ የሐሰት ቁጥር ከገባበት ድምሩ ሁሉ ይበላሻል። ሰውየው እርድ በላሁ ብሎ በርበሬ በልቶ ሲያመው፣ ጥፋቱን በእርድ ላይ ይጽፋል፤ አልጫንም ይተዋል፤ ነጋዴውም ያላወቀውን ደንበኛ ያጣል። «የአልጫ ቅመም» እየተባለ ይዘቱ ሳይነገር የሚሸጠውም ድብልቅ እንዲሁ ነው። ቁንዶ በርበሬ ይኑርበት፣ ቅርንፉድ ወይም ቀረፋ ይኑርበት፣ ወይስ ክብደት እንዲያነሣ የበቆሎ ዱቄት ይጨመርበት፣ ገዢው በምን ይለየዋል?

ክብደት ለመጨመር የሚደረገው ማጭበርበር ገንዘብ ይጎዳል፤ መልክ ለማሳመር የሚደረገው ግን ሕይወት ይጎዳል። ለዚህ የባንግላዴሽ ነጋዴዎች ታሪክ ሊጠቀስ ይገባል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጎርፍ ውሃ እርዱን አርጥቦ አደበዘዘው። ገዢ ደማቁን ስለሚመርጥ፣ ሥሩን የሚያለሰልሱት ሠራተኞች ለቀለም ፋብሪካ የሚያገለግለውን ሊድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ ዱቄት ይቀቡት ጀመር። ሊድ ክሮሜት እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት መርዝ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ ያደክማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን ተለይቶ እንደማይታወቅ ይናገራል። ጎርፉ ካለፈ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ ሠላሳ ዓመት ያኽል ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከታዩት ዘጠኝ የእርድ አምራች አውራጃዎች በሰባቱ ይኸው ድርጊት መኖሩን አረጋገጠ፤ በነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስም ከእርዱ የመጣ መሆኑ ተደረሰበት። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለማንኛውም የንግድ ማኅበር የሚያስደስት ነው። የአገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በጋዜጣና በገበያ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ በገበያው መካከል ምርመራ ተደረገ፤ አጥፊዎች በአደባባይ ተቀጡ። በገበያ ከተወሰዱት ናሙናዎች እርሳስ የተገኘባቸው በ2019 ከመቶ 47 ሲሆኑ፣ በ2021 አንድም አልተገኘም። በእርድ ወፍጮ ይሠሩ በነበሩት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው እርሳስም በሦስተኛ እጅ ገደማ ቀነሰ። ሠላሳ ዓመት የቆየ ልማድ በሁለት ዓመት ተነቀለ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ የማይመች ነገር አለ። እዚያ የተቀባው ዱቄቱ ሳይሆን ሥሩ ራሱ ነበር፤ ስለዚህ «ያልተፈጨውን ግዛ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ቢሆንም የተቀባ ሥር እጅ ላይ ቢጫ ብናኝ ይተዋል፤ ሲሰበርም የላዩና የውስጡ መልክ አይተካከልም። ደብዘዝ ያለ ሥር ውስጡ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ዕቃ ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን ይህን ያኽል እንኳ የሚታይ ምልክት አይተርፍም።

ነጋዴዎች የሚያነሡት ክርክር ይታወቃል። ገዢው ደማቁን ይሻል፤ ተፈጭቶ ካልቀረበለት ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ በፃግብጂ ገበያ ስለ ሂስታሚን የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? ይላሉ። ከዚህ ክርክር የመጨረሻው እውነት ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ስሙን ሳያውቀው «በርበሬ አይስማማኝም»፣ «ጠላ ስጠጣ ፊቴ ይቀላል» እያለ በየቤቱ አልጫ የሚያሠራ ሰው መኖሩን ቅመም ሻጭ ሁሉ ያውቃል። ስለ ደማቁም ቢሆን፣ ገዢ ደማቁን የሚመርጠው ሻጭ ደማቁን እንደ ጥሩ አድርጎ ስላስተማረው ነው፤ ያስተማረ ደግሞ መልሶ ሊያስተምር ይችላል። የቡና ነጋዴ ገዢውን ከሽታና ከጣዕም ጋር ለማስተዋወቅ ስንት ይደክማል! ለእርድ እንዲህ ያለ ድካም ያወጣ ነጋዴ ብዙም አይታይም።

ሕጉ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ መሸጥንም ገዢን በሚያሳስት ጽሑፍ ማስታወቅንም ይከለክላል። እርድን «የሂስታሚን መድኃኒት» ብሎ በእሽግ ላይ የሚጽፍ ሰው የሁለተኛውን ክልከላ ጥሷል፤ በርበሬ የነካውን ዱቄት «ንጹሕ እርድ» የሚልም ከዚያ አይርቅም። ነገር ግን ተቆጣጣሪ በየወረዳው ሱቅ እስኪደርስ መጠበቅ ለንግድ ማኅበር የሚያስመሰግን አይደለም። የባንግላዴሹን ዓይነት የመመርመሪያ መሣሪያ እያንዳንዱ ነጋዴ ሊገዛው አይችልም፤ የጅምላ ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው በአዲስ አበባ አንዱን በጋራ ቢይዙ ግን ወጪው በኩንታል ሲካፈል የሚከብድ አይሆንም፤ የተመረመረውም ኩንታል ማኅተም ይዞ ወደ ወሎና ወደ ዋግ ቢወጣ፣ ሰቆጣ ያለው ቸርቻሪ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

ሰቆጣ ላይ ደግሞ ምንም መሣሪያ ሳይገዛ ሊደረግ የሚችል አለ። የባልትና ነጋዴዎች ከወፍጮ ቤቶች ጋር ተነጋግረው እርድ የሚፈጭበትን ሰዓት ቢለዩ፣ ይኸውም በማለዳ ወፍጮው ተጠርጎ፣ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ቢሆን፣ ኪሳራው የአንድ መጥረጊያና የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በእሽጉ ላይ «እርድ ብቻ» ተብሎ፣ የመጣበት ወረዳና የተፈጨበት ወር ይጻፍበት። ወደ ፃግብጂ ለሚወጣው ግን ሥሩ ሳይፈጭ ቢላክ ይሻላል፤ በዚያ ሙቀጫ የሌለው ቤት አይገኝምና፣ ባለቤቲቱ ለዕለቱ ድስት የሚበቃትን ያኽል ሰብራ፣ ውስጡን አይታ፣ በገዛ እጇ ትወቅጠዋለች።